በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ መንገድ

አጎቴ ለጉዳይ እኔ ወደምሠራበት ቢሮ መጡ። እንጅባራ ውስጥ የገጠር መሬት ይዞታ እንመዘግባለን። ከማሳቸው ቆርሰው ለልጃቸው በስጦታ ሊያስተላልፉ ነው። ተራቸው ሳይደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነና መዝገቡን ዘግቼ ከቢሮው ማዶ ካለችው ጀበና ቡና የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ወሩ ኅዳር ነው፤ የጠዋቱ ውርጭ ቅዝቃዜ ከአጥሩ ጥላ ሥር ገና አልለቀቀም። ያወራነው ግማሹን በአውኚ፣ ግማሹን በአማርኛ ነበር። እዚህ ሁሉንም ወደ አማርኛ አምጥቼዋለሁ፤ ቀልዳቸው መንገድ ላይ ጥቂት እንደቀዘቀዘ አውቃለሁ።

አጎቴ፦ ቅድም መስኮቱ ጋ ቆሜ አየሁሽ። እስክሪብቶው እጅሽ ላይ ነው፤ አንቺ ግን የለሽም። ሁለት ጊዜ አሳልኩ።

እኔ፦ አላየሁዎትም ጋሼ፤ ይቅር ይበሉኝ። ዘንገና ነበርኩ።

አጎቴ፦ ለመስክ ሥራ?

እኔ፦ በሐሳብ።

አጎቴ፦ በሐሳብ! ደመወዙን ግን በአካል ነው የምትወስጂው።

እኔ፦ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የመዝገቡም ነው። አዋሳኝ የሚለውን ዓምድ ያውቁት የለ? ቀኑን ሙሉ የምጽፈው እሱን ነው። በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን የወል ግጦሽ፣ በደቡብ የእገሌ ማሳ። ሃያ ደብተር ስገለብጥ ሃያ ወንዝ እሻገራለሁ። ወንዝ ብዬ ስጽፍ እግሬን ይቀዘቅዘኛል።

አጎቴ፦ ካርታ አመጣን አላላችሁም እንዴ? ልጆቹ መሣሪያ ይዘው ዙሪያውን ዞረው ሄደዋል።

እኔ፦ አመጣን። በ1995 አካባቢ በክልሉ የመጀመሪያው ምዝገባ ሲጀመር መሬቱ በገመድ ተለክቶ፣ ጎረቤት ቆሞ መስክሮ፣ አዋሳኙ በቃል ነበር የሚጻፈው። አሁን ካርታ አለው። የሚገርመው ካርታውን ሳይ የትም አልሄድም፤ መስመርና ቁጥር ነው። ይዞኝ የሚነጉደው ቃሉ ነው።

አጎቴ፦ እሺ፤ ዘንገና ደርሰሽ ምን ትሠሪያለሽ?

እኔ፦ ምንም። አፋፉ ላይ ቁጭ ብዬ ውኃውን አያለሁ።

አጎቴ፦ ዝናብ አለ?

እኔ፦ የለም።

አጎቴ፦ ጭቃስ?

እኔ፦ የለም።

አጎቴ፦ ከብቱን ማን ይመልሳል?

እኔ፦ ከብት የለም ጋሼ። ዛፉ፣ ውኃውና እኔ ብቻ።

አጎቴ፦ እንግዲያው ሌላ ሐይቅ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ እዚያ ከብት ጠብቄያለሁ። ዳሩ ቁልቁል ነው፤ ጊደሯ ወደ አፋፉ በተጠጋች ቁጥር ልብ ትቆማለች። ዘንገና ውብ መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው፤ ከአስፋልቱ ዳር መኪና አቁመው ፎቶ ከሚነሱ ሰዎች።

እኔ፦ ታዲያ ውብ አይደለም?

አጎቴ፦ ነው፤ መቼ ካድኩ። እረኛ ግን የሚያየው ወደ ጊደሯ ነው።

እኔ፦ እሳት የቆፈረው ጉድጓድ እኮ ነው። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ምድሩን ክብ አድርጎ ቦረቦረው፣ ከዚያ ውኃ ሞላው። ጥልቀቱ 166 ሜትር ነው ይባላል። አንድ ፋይል እስኪመጣልኝ ስጠብቅ ያን ጥልቀት አስበዋለሁ፤ የቢሮው ጫጫታ ጸጥ ይልልኛል።

አጎቴ፦ 166 ሜትር! እኔ ስለ ጊደሯ ስፈራ ይህ ቢነገረኝ ኖሮ ከብቱን ሌላ ቦታ ነበር የማሰማራው።

(ቡናው ቀረበ። የመጀመሪያው ስኒ እስኪያልቅ ስለ ዘመድ ጤና፣ ስለ ጤፉ አጨዳ፣ የባቄላ ዋጋ ስንት እንደ ገባ ተጨዋወትን። ያን እተወዋለሁ።)

እኔ፦ ዘንገናስ ይቅር። በመስኮቴ የሚታየኝ ኮረብታስ? አምስት ደቂቃ ካየሁት ራስ ምታቴ ይለቀኛል። ይህ ደግሞ የእኔ ቅዠት ብቻ አይደለም። ሮጀር ኡልሪክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት አለ። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ባለ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሰዎች መዝገብ አገላበጠ። የግማሾቹ መስኮት ዛፍ ያሳያል፤ የግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት ቶሎ ተሽሏቸው ወጡ፤ የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነበር።

አጎቴ፦ ዛፉ የማን ነው?

እኔ፦ እንዴት?

አጎቴ፦ በሽተኞቹ ያዩት ዛፍ የማን ነው? ለምን ተተከለ?

እኔ፦ ቁስሉ እየጠገገ ያለ ሰው ይህን ይጠይቃል ጋሼ?

አጎቴ፦ እሱስ አይጠይቅም። ያንቺ ኮረብታ ግን ባለቤት አለው። እስቲ ቀና በይ፤ ያ አረንጓዴው ሁሉ ምንድን ነው?

እኔ፦ ዲከረንስ።

አጎቴ፦ ከሰል ነው። ገና ያልነደደ ከሰል።

እኔ፦ አውቃለሁ እኮ…

አጎቴ፦ ማወቁንስ ታውቂያለሽ፤ በመስኮቱ ስታዪው ግን ጫካ ታደርጊዋለሽ። እኛ የተከልነው ጫካ አምሮን አይደለም። መሬቱ ደከመ፤ ባለሙያዎቹ አሲዳማ ሆኗል፣ ኖራ ካልበላ አያበቅልም አሉን። ጤፉ ቀጨጨ፣ ገብሱ ቀጨጨ። ፋግታ ለኮማ ያሉት ገበሬዎች ቀድመውን ይህን ዛፍ ያዙ፤ አዲስ ቅዳም ገበያ በሄድን ቁጥር ጎጆው ቆርቆሮ ሲሆን፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ አየን። እኛም ተከተልን።

እኔ፦ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ናይትሮጅን የሚባለውን ጋዝ ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ይመልሳል ይላሉ።

አጎቴ፦ ስሙን አላውቅም፤ ሥራውን ግን አይቻለሁ። ችግኙን ከጤፉ ጋር አብረሽ ትተክያለሽ። የመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ታጭጃለሽ። ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ይወጣል፤ ለከብት እያጨድሽ ታበያለሽ። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ትቆርጪዋለሽ፤ እዚያው ማሳው ላይ ትከምሪያለሽ፣ በሣርና በአፈር ታፍኛለሽ፣ ከዚያ እሳቱን ትለኩሻለሽ። ቀን ከሌሊት መጠበቅ ነው። ጭሱ ሲለወጥ ታውቂያለሽ። አንድ ቦታ ከተቀደደ እሳቱ ነፋስ ያገኛል፤ ጠዋት የሚቆይሽ አመድ ነው። አራት ዓመት በአንድ ሌሊት። እዚያ ጋቢ ለብሼ ስቀመጥ ኮከቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አንቺ ብታዪው ኖሮ ትዘፍኝ ነበር። እኔ የማየው ጭሱን ነው።

እኔ፦ ከዚያ በጆንያ ተሞልቶ አዲስ አበባ።

አጎቴ፦ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ገበያ ባለበት ሁሉ። ከሰሉ በተነሣበት ቦታ ደግሞ ጤፍ ይዘራል፤ ያምራል። እንዲህ እያለ ይዞራል። ይዞር ነበር ልበል እንጂ፤ በቅርብ ዓመታት በሽታ ገባበት፣ ቅጠሉ እየጠወለገ ቆሞ የደረቀ ማሳ አለ። ያንቺ መስኮት ያን አያሳይም?

እኔ፦ ከሩቅ ቡናማ ጠቃጠቆ ይታየኛል። የቀን ብርሃን ይመስለኝ ነበር።

(ጀበናዋን የጣደችው ልጅ ሳቀች። ለካ ስታዳምጠን ነበር። የምድጃውን ፍም በመቆስቆሻ ነካ ነካ አድርጋ «ይኸው የእርስዎ ኮረብታ» አለች። እኔም ቀና ብዬ ያየሁትን መልሼ ጎንበስ ብዬ አየሁት።)

እኔ፦ እና ማየቴን ልተወው?

አጎቴ፦ ማን ተይው አለሽ? ራስ ምታትሽን ካዳነ እዪው። የእኔን ላብ ዛፍ ብቻ አድርገሽ አትዪው ነው የምልሽ።

እኔ፦ የሚያጽናናዎት ነገር ልንገርዎት። በ2010 እ.ኤ.አ. ኪሊንግስወርዝና ጊልበርት የሚባሉ ሁለት የሃርቫርድ ሰዎች 2,250 ሰዎችን ቀን በማንኛውም ሰዓት በስልካቸው እየጠየቁ አሁን ምን እየሠራህ ነው፣ ሐሳብህ የት ነው፣ ደስ ብሎሃል ወይ አሏቸው። ከመቶ 47 ያህሉ መልስ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው የሚል ሆነ። ሐሳባቸው የሄደባቸው ደግሞ በሥራቸው ላይ ካሉት ያነሰ ደስታ ነበራቸው። ወደ መልካም ነገር የሄዱት እንኳ በያዙት ሥራ ላይ ካሉት አልበለጡም።

አጎቴ፦ በስልክ ተነዝንዞ ማን ደስ ይለዋል?

(ይህን ጥናት ካነበብኩበት ቀን ጀምሮ አጥጋቢ መልስ ስፈልግለት ነበር። ይኸው ተገኘ።)

እኔ፦ እንግዲያው ሐሳቡን እግሩ የተከተለ የቢሮ ሰው ልንገርዎት። ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ዳንግላ ነው የነበረው።

አጎቴ፦ የእንግሊዙ ቆንስል?

እኔ፦ ይሰሙ ነበር?

አጎቴ፦ አባቴ ሲያወራ። ዳንግላ ፈረንጅ ተቀምጦ ነበር ይል ነበር።

እኔ፦ ሮበርት ቺስማን ይባላል። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ተቀመጠ። እንግሊዞች ያኔ ዓይናቸው ጣና ላይ ነበር፤ የሱዳንና የግብፅ ውኃ ነገር ነው። የቆንስል ሥራ ደብዳቤ መጻፍና ማህተም መምታት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይለይም። ሰውዬው ግን ከዚያ በፊትም አሸዋና ወፍ ይወድ ነበር። ዓረቢያ በረሃ ገብቶ በ1926 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አውጥቷል። በስሙ የምትጠራ የበረሃ አይጥ እንኳ አለች።

አጎቴ፦ አይጥ? ለወዳጅ የሚሰጥ ስም ነው ይሄ?

እኔ፦ በእነሱ ዘንድ ክብር ነው። ዳንግላ ሲደርስ ያስደነቀው ነገር ዓለም ሁሉ ስሙን የሚያውቀው ዓባይ፣ ከጣና ወጥቶ ሱዳን እስኪገባ ድረስ በብዙው መንገዱ ካርታ ላይ በነጠብጣብ መስመር የሚሣል መሆኑ ነው። እዚህ ያልፋል ተብሎ በግምት። ለእኔ አዋሳኙ ባዶ የተተወ ደብተር ነው የሚመስለኝ። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ያን ነጠብጣብ ያያል፤ ከዚያ ይነሣል። በየዓመቱ በበጋ በበቅሎ እየወጣ የዓባይን ሸለቆ አፋፍ አፋፉን ተከተለ፣ የጣናን ዳርቻ ዞረ፣ ደሴቶቹንና ገዳማቱን አየ፣ ለካ፣ ጻፈ፣ ወፍ ሰበሰበ። በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፉ ታተመ።

አጎቴ፦ በበቅሎ ነው ያልሽው?

እኔ፦ አዎ።

አጎቴ፦ ማን ጫነለት?

እኔ፦ ሰዎች ነበሩት እንጂ። ጫኞች፣ አብሳዮች፣ መንገድ መሪዎች።

አጎቴ፦ ድንኳኑን ማን ተከለ? ሌሊት ጅብ ሲመጣ በቅሎዎቹን ማን ጠበቀ?

እኔ፦ እነሱ ናቸዋ።

አጎቴ፦ መጽሐፉ ላይ የማን ስም አለ?

እኔ፦ ሽፋኑ ላይ የእሱ።

አጎቴ፦ እንግዲህ እሱ አለመ፣ እነሱ ጫኑ።

እኔ፦ አሁንስ አዳሉ ጋሼ። ሰውዬው እኮ ሲንሸራሸር አልኖረም። እስከ መጣበት ጊዜ ድረስ ማንም ያላደረገውን አደረገ። ያ ነጠብጣብ ዛሬ መስመር የሆነው እሱ ከወንበሩ ስለ ተነሣ ነው። እኔ ዘንገና ሄጄ የማመጣው ነገር የለም፤ እሱ ግን ይዞ ተመለሰ።

አጎቴ፦ እሱን አልነፈግሁትም። ደብተር ይዞ የሄደ ሰው ነው፤ ጥሩ። እኔ የምጠይቀው ስለ በቅሎዋ ነው፤ የሚጠይቅላት የለማ።

(ሁለተኛው ስኒ። ይህን ጊዜ ዝም አልን። የአጎቴ ዝምታ ክርክር ማለቁን አይነግርም፤ አጥር እየዞሩ መግቢያ ሲፈልጉ ነው።)

አጎቴ፦ አምና አዲስ አበባ ሄጄ እንደነበር ታውቂያለሽ። ልጄ ዘንድ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሦስት ሳምንት። መብላት፣ መተኛት፣ ቴሌቪዥን። ግድግዳው ላይ ዓይኔን ተክዬ እኔም እንዳንቺ ጠፋሁ።

እኔ፦ የት ሄዱ?

አጎቴ፦ ቤቴ። ግን እንዳንቺ ቁጭ ልል አልሄድኩም። ሞፈሩ ላልቷል ብዬ ወገሉን ሳጠብቅ ነው ራሴን የማገኘው። ጥጃዋን ከላሟ ለዩዋት ወይ? በስተ ታች ያለውን አጥር ማን ደገፈው? እጄ ሶፋው ላይ እንዲህ እንዲህ ሲል ምራቴ አይታ «ምን ጠፋብዎት?» አለችኝ። ሐሳቤ እጅ ነበረው ልጄ። ያንቺ ሐሳብ ዓይን ብቻ ነው።

እኔ፦ ይህ ልክ ነው። ግን የደከመው ሰው ዕረፍት ቢያልም ያስነቅፋል? እርስዎ ሲያርፉ ሥራ ናፈቀዎት፤ እኔ ስሠራ ዕረፍት ይናፍቀኛል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ሳምንታዊውን የሥራ ሰዓት ከ39 አይብለጥ ብሎ ነበር። ለእርስዎ ቀልድ ይመስልዎት ይሆናል፤ 39 ሰዓት ወንበር ላይ ግን ረጅም ነው።

አጎቴ፦ ቀልድ አይመስለኝም። እንዲያውም አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም አልነገርኩም። በሐምሌ፣ ያ ዝናብ ሳያባራ ሳምንት ሲዘልቅ፣ በሬው ከጭቃው እግሩን ሲነቅል እኔ ደግሞ የእኔን ስነቅል፣ ያንቺን ወንበር አልሜ አውቃለሁ።

እኔ፦ የእኔን?

አጎቴ፦ ያንቺኑ። በር ያለው ክፍል። ጠረጴዛ፣ ማህተም፣ ደረቅ ካልሲ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ እኔ ከውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ። ቁጭ ብያለሁ። ጸጥ ያለ ነው፤ አንድም ባለጉዳይ አይመጣም።

እኔ፦ ባለጉዳይ የሌለበት ቢሮ!

አጎቴ፦ ምነው?

እኔ፦ ከብት የሌለበት ዘንገና ነዋ!

(አጎቴ ሲስቁ ትከሻቸው ነው የሚስቀው። ጋቢው ወረደ። ጀበናዋን የያዘችው ልጅ አንስታ መለሰችላቸው።)

አጎቴ፦ እንግዲህ ተያይዘናል።

እኔ፦ እውነቱን ልንገርዎት? የእኔም ሐሳብ መነሻው አለው። ሰባት ዓመቴ ይሆናል፤ እናቴ ሣር ልታጭድ ይዛኝ ወረደች፣ እርስዎ ቤት ሥር ወዳለው ረግረግ። የማስታውሰው የሣሩን ሽታ ነው። ቢሮ ሆኜ ወንዝ ብዬ ስጽፍ የሚመጣብኝ እሱ ነው።

አጎቴ፦ አልቅቱንስ?

እኔ፦ የምን አልቅት?

አጎቴ፦ አልቅት እግርሽ ላይ ተጣብቆ መንደሩ እስኪሰማ አላለቀስሽም? ተሸክሜሽ የወጣሁ እኔ አይደለሁም? ጨው አድርገንበት ነው የለቀቀሽ።

እኔ፦ (እግሬን አየሁ፤ ጫማ ውስጥ ነው።) ይህ ጨርሶ የለም። ከሐሳቤ ውስጥ የለም።

አጎቴ፦ ዓይን ብቻ ነው አልኩሽ እኮ።

እኔ፦ ፈረሱስ ጋሼ? ዳማው ደህና ነው? ለጥር 23 ይወጣሉ?

አጎቴ፦ እግዚአብሔር ቢል። እሱንም አልመሽዋል?

እኔ፦ በየሳምንቱ። ሪፖርት ስጽፍ እጋልባለሁ።

አጎቴ፦ ፈረሱ ላይ የወጣሽው ግን አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም እኔ ሉጓሙን ይዤ። የፈረሰኞች ማኅበራችን ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ አባቴም አባል ነበር። የዓድዋን ፈረስና ፈረሰኛ እናስብበታለን፤ ጊዮርጊስ ስለሆነ ነው 23 የሆነው። ሕዝቡ ሜዳ ላይ አንድ ቀን ጉግሱን አይቶ ያጨበጭባል። ቀሪው የዓመቱ ቀን ድርቆሽ ነው፣ ውኃ ነው፣ ኮቴ ማየት ነው። ለቅሶ ሲኖር ደግሞ በሌሊት ጭኖ መሄድ ነው። ለፈረስ ድርቆሽ የሚሆነው ሣር የሚታጨደው አሁን ነው፤ ሣሩ ያለው ደግሞ ያ አልቅት ያለበት ቦታ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። የቡናውን ልክፈል ብል አጎቴ እጄን ያዙ፤ ጥቂት ተጓተትን፤ እንደ ወትሮው እሳቸው አሸነፉ። ቢሮ ገብተን ደብተራቸውን ከፈትኩ። ለልጃቸው የሚሰጡት ቁራሽ ታችኛው ማሳ ነው። በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን የወንድማቸው ማሳ፣ በደቡብ የወል ግጦሽ ይላል፤ ጽሑፉ የእኔ አይደለም፣ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ነው።

አጎቴ፦ በምሥራቅ ምን ይላል?

እኔ፦ ወንዝ።

አጎቴ፦ ወንዙ እኮ ሸሽቷል። ከሦስት ክረምት በፊት ነው፤ ጎርፉ ሌላ መንገድ ቀደደና ወደ ታች ወረደ። አሮጌው መሄጃ ሣር ሆኗል።

እኔ፦ ስንት ሜትር ሸሸ?

አጎቴ፦ እኔ እንጃ። እርምጃ ልንገርሽ? ከሰው ሰው ይለያል። መጥተሽ እዪው፤ ቅዳሜ ሣሩን እናጭዳለን። ማጭድ ትርፍ አለኝ። ቦት ጫማ ግን ከየትም ፈልገሽ አምጪ።

በምሥራቅ ከሚለው ጎን በእርሳስ «በመስክ ይጣራ» ብዬ ጻፍኩ። አጎቴ አንገታቸውን አስግገው ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ አነበቡት።

አጎቴ፦ አበል አለው?